የዓመቱ አፈጻጸም ስብሰባችንና ያልተመለሰው ጥያቄ፦ አንድ ፉርጎ ሄዶ ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ፉርጎ ቆጣሪ (አዳማ) | ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአንድ የባቡር ድርጅት የጭነት ስምሪት ክፍል ውስጥ የምሠራ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ በሪፖርቱ የቀረቡትን አሃዞችም እዚህ አላወጣም። ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ያለ እነርሱም ይቆማል።

ትናንት ቅዳሜ የ2017 በጀት ዓመት አፈጻጸምና የ2018 ዕቅድ የቀረበበት የሠራተኞች ስብሰባ እዚሁ አዳማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተካሂዶ ነበር። ከእንዶዴ፣ ከሞጆ፣ ከአዋሽና ከድሬዳዋ የመጡ ባልደረቦችም ተገኝተዋል። ከሻይ በፊት የነበረው ጊዜ በሙሉ በሪፖርት ንባብ አለፈ። ግድግዳው ላይ የሚታየው ሰንጠረዥ አምስት ዓምዶች ነበሩት፦ ዕቅድ፣ ክንውን፣ ከዕቅዱ በመቶኛ፣ ካለፈው ዓመት ጋር ያለው ልዩነት፣ ምርመራ። ጥሩ የተባለው በአረንጓዴ፣ ደከም ያለው በቢጫ ተቀብቶ ነበር። የተጓዙት ባቡሮች ብዛት፣ የተጓጓዘው ቶን፣ የተገኘው ገቢ በብር፣ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። «ምርመራ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር።

ከሻይ በኋላ መድረኩ ለጥያቄ ሲከፈት አንድ አንጋፋ የጣቢያ ግቢ ተቆጣጣሪ እጃቸውን አውጥተው እንዲህ አሉ፦ «ስንት ባቡር እንደሄደ ተነግሮናል። አንድ ፉርጎ ጅቡቲ፣ ነጋድ ጣቢያ ላይ ተጭኖ ወጥቶ፣ እዚህ ተራግፎ፣ እንደገና ነጋድ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ግን አልሰማሁም። አምና ስንት ነበር? ዘንድሮስ?» ሰብሳቢው ጥያቄውን ከሌሎቹ ጋር መዘገቡት። ስለ ደመወዝ ማስተካከያ፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ሕክምና ሽፋን የተነሡት በሰፊው ተመለሱ፤ ይህኛው «ጥሩ ግብዓት ነው፣ እንወስደዋለን» ተብሎ ታለፈ። ከዚያ ምሳ ደረሰ።

እኔ እንደሚመስለኝ በዕለቱ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት የነበረው ይህ ነው። ከሰበታ እስከ ነጋድ ያለው መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጭነት ባቡር የተነደፈለት ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ዳገቱንም ሌላውንም መዘግየት ሁሉ አስበን በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል ብንል እንኳ አንድ ጉዞ 19 ሰዓት ቢፈጅ ነው። ደርሶ መልሱ ሁለት ቀን አይሞላም ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚቆጠረው ቀን ሁሉ ፉርጎው ለመጫን፣ ለመራገፍ፣ ለሰነድ፣ ለሎኮሞቲቭ ወይም ለመንገድ ሲጠብቅ የቆመበት ነው። ለምሳሌ ያህል ምልልሱ 10 ቀን ቢፈጅ አንድ ፉርጎ በዓመት 36 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ወደ 7 ቀን ቢወርድ ደግሞ 52 ጊዜ። አንድም ፉርጎ ሳይገዛ፣ አንድም ሜትር ሐዲድ ሳይዘረጋ የሚገኝ ጭነት ነው። ሐዲዱ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ የብድሩ ወለድና የእኛ ደመወዝ ባቡር ሄደም አልሄደም ወጪያቸው የማይቀር ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ትርፍና ኪሳራን የሚለየው ይህ የቆመ ጊዜ ይመስለኛል። በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያላችሁ ሰዎች ይህ ቁጥር በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ሲቀርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አወያይ | ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 2፡40

ርእሱ ጠቃሚ በመሆኑ ክፍት ሆኖ ይቆያል። የድርጅት ስም፣ የኃላፊዎች ስምና ለሕዝብ ያልተገለጸ አሃዝ እንዳይጠቀስ በትሕትና እናሳስባለን።

የሒሳብ ሰው | ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ ፉርጎ ቆጣሪ፣ ስለ ምልልስ ጊዜ ያነሣኸውን እቀበላለሁ። በእኔ በኩል ግን የሚያሳስበኝ ሌላኛው አረንጓዴ ነው፤ «ገቢ በብር» ያልከው። በሒሳብ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ አንተ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በጥቅሉ ልናገር።

የ2017 በጀት ዓመት በተጀመረ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ከወደብ ጋር የተያያዘ ሥራ የሚሠራና ከሚያስከፍለው ዋጋ ከፊሉ በዶላር የታሰበ ማንኛውም ድርጅት፣ አንድ ኮንቴይነር እንኳ ሳይጨምር የ2017 ገቢው በብር ሲቆጠር ከ2016ቱ ሊልቅ ይችላል። ይህንን እድገት ብሎ አረንጓዴ መቀባት ሒሳቡን አያሳስተውም፣ አንባቢውን ግን ያሳስተዋል።

ሌላው ወገን ደግሞ ዕዳው ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ግንባታ በአብዛኛው የተሸፈነው ከቻይናው የኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር እንደነበረና በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንደተራዘመ በወቅቱ ለሕዝብ ተነግሯል። መራዘሙ የየዓመቱን ጫና ቀለል አድርጎታል። የሚከፈለው ግን ያው ዶላር ነው። ስለዚህ እኔ ስብሰባው ላይ ብኖር ኖሮ የምጠይቀው ጥያቄ፣ ከዓመቱ ገቢ በውጭ ምንዛሪ የተገኘው ምን ያህል እንደሆነና ይኸው ድርሻ ካለፈው ዓመት አንጻር ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ ነበር። የኤሌክትሪኩም ሆነ የሠራተኛው ክፍያ በብር ነው፤ መለዋወጫውና ዕዳው በዶላር። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ደምሮ ማቅረብ ጤፍና ጨው በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው።

ትራንዚተሯ (ሞጆ) | ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጥያቄውን ከደንበኛ ወገን ልመልከተው። ዕቃ አስመጪዎችን ወክዬ የምሠራ ትራንዚተር ነኝ፤ መኖሪያዬ አዳማ፣ ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው።

ደንበኞቼ ስለ ቶንም ሆነ ስለ ምልልስ ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ «ዕቃዬ መቼ ይደርሳል?» ብለው ብቻ ነው። የከባድ መኪና ባለቤት ስልኩን አንሥቶ «ሹፌሩ ጋላፊ ደርሷል፣ ነገ ማታ አዋሽ ያድራል» ይለኛል። ቃሉን ባይጠብቅ እንኳ የምጣላው ሰው አለኝ። ባቡሩ በአንድ ጊዜ ከመቶ የማያንሱ ኮንቴይነሮችን ማምጣት መቻሉ ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከመቶዎቹ አንዱ የት እንዳለ ካልተነገረኝ ብዛቱ አይጠቅመኝም። በተጨማሪም ባቡሩ ጣቢያ ላይ ያበቃል። ከጣቢያው እስከ መጋዘን ያለውን መንገድ የሚሠራው ያው መኪና በመሆኑ ሁለት ጊዜ መጫንና ሁለት ጊዜ ማውረድ ይመጣል።

ባዶውን ኮንቴይነር ለመርከብ ድርጅቱ በጊዜ አለመመለስም እንደምታውቁት ያስቀጣል፤ ቅጣቱም የሚቆጠረው በቀን ነው። የፉርጎ ቆጣሪ ጥያቄ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ይገናኛል። ፉርጎው ሲቆም የእኔም ባዶ ኮንቴይነር አብሮ ይቆማል።

የሽሜንደፈር ልጅ | ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 4፡20

ልጆቼ፣ እኔ በድሮው መስመር፣ ሜትር ስፋት በነበረው ሐዲድ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ከልጄ ጋር አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ያ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህን የምጠቅሰው ታሪክ ለማስተማር ብዬ አይደለም፤ የጠየቃችሁት ጥያቄ ከእናንተ በፊት የነበረ መሆኑን ለማሳየት ነው።

በእኛ ጊዜ በስምሪት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በላዩ ላይ በነጭ ጠመኔ የሚጻፈው የሄደው ባቡር አልነበረም፤ የቆመው ፉርጎ ቁጥር፣ የቆመበት ጣቢያና የቆመበት ቀን ነበር። ሦስተኛ ቀኑን ያለፈው በቀይ ጠመኔ ይከበባል። ሼፍ ደ ጋሩ፣ የጣቢያው አለቃ ማለት ነው፣ ጠዋት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቀዩ ነበር። ሪፖርት የሚባል ነገር በዓመት አንድ ጊዜ መኖሩን እኛ ተራ ሠራተኞቹ አናውቅም፤ ሰሌዳውን ግን በየቀኑ እናየዋለን።

ሌላው ደግሞ፣ ፉርጎ ለምን ይቆማል ብላችሁ ስትጠይቁ ሁልጊዜ ጥፋቱ የባቡሩ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘመን ነጋዴው መጋዘን ሲሞላበት ፉርጎውን መጋዘን ያደርገው ነበር። ዝናብ አያስገባም፣ ዘበኛ አለው፣ ኪራዩም ከከተማው መጋዘን ይረክሳል። ለቆመ ፉርጎ የሚከፈለው ገንዘብ ካልከበደ ማንም አያራግፍም።

ነጂ 25 | ሐምሌ 21፣ ከቀኑ 7፡50

ጋሼ፣ ስለ ሰሌዳው ስላጫወቱን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ በአዲሱ መስመር ላይ ባቡር ነጂ ነኝ። ሥራውን ከቻይናውያን ባለሙያዎች ጎን ተቀምጠን ተምረን በ2016 ዓ.ም. ከተረከብነው ትውልድ ነኝ።

ፉርጎ ቆጣሪ በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ብሎ ያሰበው በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ በመሪው ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ የሚወጣውና የሚወርደው አይጠባበቁም። አዳማን አልፈን ወደ መተሐራ ስናቀና ነጠላ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እስከ ነጋድ ድረስ የሚመጣው ባቡር ከፊት ለፊት ካለ፣ አንዱ በጣቢያ ገብቶ መቆም አለበት። ከታች የሚመጣው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ከላይ የምወርደው እኔም አንድ ሰዓት እቆማለሁ፤ የእኔ መዘግየት ደግሞ ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ይተላለፋል። ማታ ላይ የሁላችንም ሰዓት ተበላሽቶ ያድራል።

ሰኔ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከአዋሽ ወዲያ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የግመል መንጋ ሐዲዱን ሲያቋርጥ ከሩቅ አየሁ። የተጫነ ባቡር እንደ መኪና አይቆምም፤ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጡሩምባውን ሳላቋርጥ እየነፋሁ ፍሬኑን ያዝኩ። ግመሎቹ ተሻገሩ፤ አንድ ውርንጭላ ግን መሐል ሐዲድ ላይ ቆሞ እናቱን ይፈልጋል። እረኛው ልጅ፣ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከግርጌው ሮጦ ወጥቶ በአንገቱ ጎትቶ አወረደው። ባቡሩ የቆመው ውርንጭላው ቆሞበት ከነበረው ቦታ ጥቂት ፉርጎ ርዝመት አልፎ ነው። ፍሬኑ እስኪፈተሽ፣ ለስምሪት ክፍሉ እስክናስታውቅና ፈቃድ እስኪመጣ 50 ደቂቃ ቆምን። ይህ 50 ደቂቃ በሪፖርት ውስጥ የሚገባው «ከውጭ በመጡ ምክንያቶች የተፈጠረ መስተጓጎል» በሚል አንድ መስመር ነው። መብራት ሲቋረጥም የሚጻፈው ያው መስመር ነው፤ ብሎን ሲሰረቅም እንዲሁ። ሦስቱ መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። አንዱ አጥርና ከአርብቶ አደሩ ጋር መነጋገር፣ ሌላው ከመብራት አቅራቢው ጋር ውል፣ ሦስተኛው ጥበቃ ይፈልጋል።

የሐዲድ ጥገና | ሐምሌ 21፣ ከቀኑ 9፡10

ስለ ብሎን ነጂ 25 ያለው እውነት ነው። ከፊታችን ባለው የ2018 ዕቅድ ውስጥ ጥገና «በተያዘለት ጊዜ ይከናወናል» ከሚል ሐረግ በቀር ሌላ ቃል ካለ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ አለኝ | ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 1፡30

ከሁላችሁም ጋር ባልስማማ አትቀየሙኝ። የምልልስ ጊዜ የዓመቱ ዋና መለኪያ ሆኖ ከተቀመጠና ኃላፊው የሚመዘነው በእርሱ ከሆነ፣ ግፊቱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ነጂው ላይ፣ የግቢ ሠራተኛው ላይ፣ ፉርጎ ፈታሹ ላይ ነው። «ፈጥነህ ልቀቀው» የሚባለው እርሱ ነው። አሁን የግመሉን ታሪክ ሳነብ 50 ደቂቃው በከንቱ የጠፋ ጊዜ ሆኖ አልታየኝም፤ በሕግ መሠረት የተሠራ ሥራ ነው። መለኪያው የባቡር ብዛት ሲሆን፣ ሌላው ቢቀር፣ ፍሬኑ ሳይፈተሽ እንዲሄድ ማንንም አይገፋፋም።

ፉርጎ ቆጣሪ (አዳማ) | ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን።

«ጥያቄ አለኝ» ያነሡት ስጋት በቦታው ነው፤ እኔም አስቤበት አላውቅም ነበር። የእርስዎን ቃል ይዤ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ያለፈውን ወር መዝገብ ሳገላብጥ ዋልኩ። ያየሁትን አሃዝ መጻፍ ባልችልም፣ የቆመው ጊዜ ትልቁ ክፍል መንገድ ላይ አለመሆኑን ግን ልናገር እችላለሁ። በሁለቱ ጫፎች ነው። ፉርጎው ጣቢያ ግቢ ውስጥ ገብቶ ማራገፊያው እስኪደርሰው፣ ክሬኑ እስኪለቀቅ፣ የጉምሩክ ወረቀት እስኪያልቅ፣ ከተራገፈም በኋላ ባዶውን የሚወስድ ሎኮሞቲቭ እስኪመጣ ነው። የፍሬን ፍተሻና በነጠላ ሐዲድ ላይ መጠባበቅ ከዚህ ጋር ሲተያዩ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ነጂውን ማቻኮል አደገኛ ከመሆኑም በላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው። መለኪያው ሲቀመጥ የመንገዱ ሰዓትና የግቢው ሰዓት ለየብቻ ቢመዘገቡ፣ የፍተሻው ጊዜም ከመለኪያው ውጭ ቢደረግ፣ ስጋትዎ የሚቃለል ይመስለኛል።

የሒሳብ ሰው ስለ ዶላሩ የጻፉት ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በስብሰባው የቀጣይ ዓመት ተስፋ የቀረበው ወደ ላይ በሚያመለክት አንድ ቀስት ነበር። ቀስቱ ግን ለሚወጣውም ለሚወርደውም ጭነት አንድ ነው። የአገራችን ንግድ ከምንሸጠው የምንገዛው የሚበልጥ በመሆኑ ባቡሩ ሞልቶ ይወጣል፣ ሲወርድ አብዛኛው ኮንቴይነር ባዶ ነው። ማዳበሪያ ከክረምቱ በፊት መድረስ ስላለበት በጥቂት ወራት ውስጥ ተደራርቦ ይመጣል፤ ቡና የሚወርደው ደግሞ በራሱ ወቅት ነው፣ የሚጠይቀውም በሰዓቱ የተዘጋጀ ንጹሕ ኮንቴይነር ነው። ቡናው ለላኪው ዶላር የሚያስገኝ ጭነት ነው። ማዳበሪያ ያወረደውን ፉርጎ በሦስት ቀን ፋንታ በአንድ ቀን ወደ ቡናው መጫኛ ማድረስ ከቻልን፣ ቀስቱን ወደ ላይ ማሳየት የሚያስችለን አንዱ ምክንያት ይኖረናል። ይህ ዝርዝር ግን አልቀረበም። ምናልባት በአመራር ደረጃ ተሠርቶ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ቀስቱ ነው።

ለማንኛውም ጥያቄያቸው የታለፈባቸውን አንጋፋ ተቆጣጣሪ ዛሬ ጠዋት ጣቢያው ላይ አገኘኋቸውና የጋሼን ጥቁር ሰሌዳ ነገርኳቸው። ሳቁና «እኛ ሰሌዳ አንጠብቅ፣ ደብተር አለን» ብለው ከመሳቢያቸው አንድ ባለ መስመር ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። በሁለታችን ስም ለኃላፊው ያቀረብነው የጽሑፍ ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቶ፣ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ግምገማ ላይ አንድ ገጽ እንድናቀርብ ተነግሮናል። ከነገ ጀምሮ በአዳማ የሚያልፉ ዐሥር ፉርጎዎችን መርጠን በቁጥራቸው እንከተላለን።

ትራንዚተሯ (ሞጆ) | ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 2፡45

በደብተሩ ላይ የምትይዟቸው ዓምዶች ምን ምን ናቸው? እኔም በሞጆ በኩል ለእነዚያው ፉርጎዎች ዕቃው የወረደበትን ሰዓት ልመዘግብላችሁ እችላለሁ።

የሽሜንደፈር ልጅ | ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 3፡10

የቆመበትን ምክንያት የሚጽፈው ሰው በዚያው ጣቢያ የሚሠራ አይሁን። እኛ የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነበር፤ ማንም በራሱ ላይ ቀይ ጠመኔ አያነሣም።

ፉርጎ ቆጣሪ (አዳማ) | ሐምሌ 23፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጋሼ፣ ይህንን ባይነግሩን ኖሮ በዚያው መንገድ ልንሄድ ነበር። እንግዲያው የአዳማውን ምክንያት የሞጆዋ እኅታችን፣ የሞጆውን እኛ እንጽፋለን።

ዓምዶቹ የሚከተሉት ናቸው፦ የፉርጎ ቁጥር፣ ጣቢያ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ መራገፍ የጀመረበት፣ ያበቃበት፣ ከጣቢያ የወጣበት፣ ጭኖ ወይስ ባዶውን፣ የቆመበት ምክንያት። መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ሰፊ ዓምድ ትተናል። የመጀመሪያው ፉርጎ ዛሬ ከሌሊቱ 10፡20 ላይ ተጭኖ ወደ ላይ አልፏል፤ ሞጆ ሲደርስ ሰዓቱን ጻፊልን።